ጓድ ሙላትን የነከሰችው መጭመቂያ

እኛ አገር «እስቲ ልየው» ማለት ማየት አይደለም። መንካት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ «እስቲ ልየው» ያለ ሰው የሚዘረጋው እጁን ነው እንጂ ዓይኑን አይደለም። አዲስ ሰዓት አስራችሁ ብትመጡ ወዳጃችሁ ከሩቅ አይቶ «ያምራል» ብሎ አያልፍም። ክንዳችሁን ይዞ፣ ገልብጦ፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ የሚሽከረከር ነገር ካለው አሽከርክሮ፣ የሚጫን ነገር ካለው ተጭኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው «አየሁት» የሚላችሁ። ሰዓቱ የቆመ እንደሆነም «ድሮም እንዲህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱው ነው። በዚህ ነገር ገበሬውም ካህኑም የቢሮ ሰውም አንድ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሆዴን ታምሜ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ሐኪሙ ደረቴን ሲያዳምጥ «እስቲ ልየው» ብዬ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አውልቄበታለሁ። ሐኪሙም የአገር ልጅ ነውና ሰጠኝ።

ስለዚህ በማንም ለመፍረድ አይደለም ይህን የማወራው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ታያላችሁ። እኔ ግማሹን እወስዳለሁ፤ ጨርሳችሁ ሦስት አራተኛ ካላችሁኝም አልከራከርም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ንፋስ መውጫ የከተማዋን ጄኔሬተር የማንቀሳቅስ፣ ሽቦ የምዘረጋ፣ አምፖል ሲቃጠል የምሰደብ ሰው ነበርኩ። ስሜን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም፤ ሁሉም «ባለ መብራቱ» ነበር የሚለኝ። መብራት ሲኖርም «ባለ መብራቱ» ነኝ፣ ሲጠፋም «ባለ መብራቱ» ነኝ። የሚለየው አጠራሩ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ባሕር ዳር ለሥልጠና ተላክሁና ስመለስ አንዲት መሣሪያ ተሰጥታኝ መጣሁ። ቀይ እጀታ ያላት፣ ፒንሳ የምትመስል፣ ግን ፒንሳ ያልሆነች። ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳችሁ። የሽቦ ጫፍ ራቁቱን ብሎን ሥር ሲገባ ይበተናል፣ ይላላል። የላላ ቦታ ይግላል፤ የጋለውም ውሎ አድሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ካፒኮርዳ የምንላት፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የመዳብ ቆብ ትጠለቅለታለች። ያችን ቆብ ጨምቃ ከሽቦው ጋር አንድ አካል የምታደርጋት መጭመቂያዋ ናት። ሥራዋ እንደ ተክሊል ጋብቻ ነው፤ አንዴ ከተፈጸመ ወዲያ መላቀቅ የለም።

አንድ ጠባይ ደግሞ ነበራት። በሆዷ ውስጥ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብረት አለ። መጨበጥ ስትጀምሩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ጥርስ በጥርስ ትቆጥርና እስከ መጨረሻው ካልተጨመቀች አትከፈትም። አሠልጣኛችን፣ ሲስቅ አይተነው የማናውቅ ሽማግሌ፣ ከፍ አድርጎ አሳየንና «ይህች በግማሽ ልብ አትሠራም» አለን። «የጀመረችውን ሳትጨርስ አትለቅም። መሐል ላይ የተሳሳታችሁ እንደሆነ ግን እዚህ እጀታው ሥር እንደ ድመት ምላስ ያለች ትንሽ ብረት አለች። እሷን ገፋ ስታደርጉ ትለቃችኋለች። ይህችን ምላስ ጠብቋት።»

አጠባበቁንም ነገረን። በየሳምንቱ በብሩሽ መጥረግ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ከዚያ በጨርቅ መጠቅለል። ሚስማር አለመምታት። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ፤ በጣም ንጹሕ ነው፣ ምክንያቱም ከፍቼው አላውቅም።

አትፍረዱብኝ፣ የመጀመሪያውን ወር እንደ ጨቅላ ሕፃን ነበር የያዝኳት። በሁለተኛው ወር ጨርቋ ለሌላ ነገር ተፈለገና ራቁቷን ቀረች። በሦስተኛው ወር መዶሻዬ ጠፋ። መዶሻ የጠፋበት ሰው በምን እንደሚመታ ታውቃላችሁ፤ እጁ ላይ ባለው ነው። ከዚያ ወዲያ እኔና እሷ ሚስማር መታን፣ የቢራ ቆርኪ ከፈትን፣ ነፋስ ወረቀት እንዳይወስድ ጠረጴዛ ላይ ተጫንን። ንፋስ መውጫ ደግሞ ስሟን እንዲሁ አላገኘችም፤ የጋይንትን አቧራ ሁሉ ያ ነፋስ ተሸክሞ አምጥቶ በዚያች ምላስ ሥር አስቀመጠው። ዓመት ሞላት። ምላሷን አንድም ቀን አልነካኋትም፤ ተሳስቼ አላውቅማ!

በዚያን ጊዜ ነው እንግዲህ የገበሬዎች ማኅበሩ ከከተማው ዳር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ያስመጣው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያገሩ ሴት ገብስና ስንዴውን በድንጋይ ላይ ተንበርክካ ስትፈጭ የኖረች ናት። መዳፏ ቢታይ የበሬ ቆዳ ይመስላል። ወፍጮው መጣ ሲባል ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር እህል ተሸክመው መጥተው፣ ገና ያልተተከለውን ማሽን ዞረው ዳብሰውት ይሄዱ ነበር። ከሁሉ የበረታችው እመት ዘርፌ ናት። የስድሳ ዓመት ባልቴት፣ የሴቶቹ ተወካይ፣ ስፌት ሰፊ። ወስፌዋ ከጠጉሯ አትለይም፤ ሰው ስታናግር እሷን መዝዛ እየጠቆመች ነው። ማሽኑን በተከልኩባቸው ቀናት ሁሉ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሰፌድ እየሰፋች ትጠብቀኝ ነበር።

«ባለ መብራቱ፣ ይህ ነገር በእርግጥ ይፈጫል?» ትለኛለች።

«ይፈጫል፣ እመት።»

«ጉልበቴ እንዳይሰማህ። ተስፋ ሰጥተኸው ብትቀር አይምርህም።»

የምረቃው ቀን ደረሰ። ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የበዓሉ ኃላፊ ጓድ ሙላት ነበር። ጓድ ሙላት ለከተማችን የተመደበ ካድሬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ካኪ ልብሱ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ። ክፉ ሰው አልነበረም። ንግግሩ ይረዝም ነበር እንጂ በሰው ላይ እጁን ሲያነሳ አላየሁም። አንድ ጌጥ ነበረው፦ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጥፍር። ከጣቱ አልፋ ወጥታ፣ ተሞርዳ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ የጠራች። ያን ጊዜ የቢሮ ሰው ጥፍር ማሳደጉ የተለመደ ነበር፤ «እኔ ሞፈር አልጨብጥም» እንደማለት ነው። ፖስታ ይቀድባታል፣ ጋዜጣ ሲያነብ መስመሩን ይከተልባታል፣ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲናገርም ወደ ጭቁኑ ሕዝብ ይጠቁምባታል።

በዚያ ጠዋት ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሲሰበሰብ እኔ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የመጨረሻውን ሥራ እሠራለሁ። ሞተሩ ሦስት ሽቦ ይገባለታል። ሁለቱን ጨምቄ አስሬያለሁ፣ ሦስተኛው ቀርቶኛል። ጓድ ሙላት ገባ።

«ደረሰ?»

«አንዲት ቀርታኛለች፣ ጓድ።»

«ምንድን ናት ይህች በእጅህ ያለችው?»

«የካፒኮርዳ መጭመቂያ ናት።»

«እስቲ ልየው» አለ።

ሰጠሁት። ምን ላድርግ? በቀኝ እጁ ተቀብሎ ባዶውን ጨበጠ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ጧ! ተከፈተች። ፊቱ በራ። ደግሞ ጨበጠ። አሠራሯን እያስረዳሁት ነው፣ አልሰማኝም። አፏን አስተውሎ ተመለከተና፣ የግራ እጁን ትንሿን ጣት አስጠግቶ፣ «ጥፍር ይቆርጣል?» ብሎ ሳቀ።

«አይቆ...» ብዬ ነበር።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ጥፍሯ ብቻ ብትሆን በመቀስ በገላገልነው፤ የጣቱም ጫፍ አብሮ ገብቷል።

«ልቀቃት» አለኝ።

«የያዟት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ።»

«እኔማ ለቅቄያለሁ! እሷ ናት የያዘችኝ!»

እውነቱን ነው። ቀኝ እጁን አንስቷል፤ መጭመቂያዋ በጣቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«እንዴት ነው የምትለቀው?»

«ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው እስከ መጨረሻው መጨመቅ ነው።»

ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። «ሁለተኛውስ?»

ያችን ምላስ በአውራ ጣቴ ገፋኋት። አልነቃነቅ አለች። በሁለት እጄ ገፋኋት። ዓለት ነች። አካሏ በብሎን የታሰረ ቢሆን በፈታሁት፤ አካሏን የያዘው ሚስማር ግን እንዳይፈታ ተደርጎ የተቀጠቀጠ ነው። «ትንሽ... ዘይት ትፈልጋለች» አልኩ።

«ዘይት የሰጠሃት መቼ ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ግን ጣቱ የታሰረበትን ሰው ፊት ለፊት መዋሸት ከባድ ነው። የዘይቱ ቆርቆሮ ያለው ጄኔሬተር ቤት፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ጓድ ሙላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ አሻጥር ነው» አለ።

ዛሬ ይህችን ቃል ለቀልድ እንላታለን። ያን ጊዜ ግን ሰው ይዛ የምትሄድ ቃል ነበረች። ይዛው የሄደችው ሰው ሁሉ ደግሞ አይመለስም። ሚስቴ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ፤ ሁለቱ ልጆቼም። ሥልጠና ልኮኝ መሣሪያ የሰጠኝ መንግሥት፣ መሣሪያውን አቧራ አስበልቼ ካድሬውን ሳስነክስበት ምን ይለኛል? መልስ እየፈለግሁ ሳለ ከውጭ የላንድሮቨር ጥሩምባ ተሰማ። እልልታ ሆነ። እንግዳው ደርሷል።

ጓድ ሙላት በሩን አየ፣ ጣቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ግራ እጁን ከነመጭመቂያዋ የካኪ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ቀጥ ብሎ ወጣ። እኔ ሦስተኛዋን ካፒኮርዳ በድንጋይ ቀጥቅጬ አሰርኩና ተከትዬው ሮጥኩ።

ችግሩ መጭመቂያዋ ረጅም፣ ኪሱ አጭር መሆኑ ነው። ቀይ እጀታዋ ብቅ ብሎ ይታያል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንድ የቢሮ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ከኪሱ እጀታ ብቅ ብሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እነሱ ሲመጣ ሲያዩ፣ ሳይነጋገሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሹ። ከቤተ ልሔም የመጡ አንድ መሪጌታ አማተቡ።

መድረኩ ላይ ወጣ። መፈክር ሊያሰማ ነው። በዚያ ዘመን መፈክር የሚባለው ግራ እጅን ጨብጦ፣ ወደ ላይ አንስቶ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጓድ ሙላት ለሁላችንም ያስተማረን ነው። አሁን ግን «ወደፊት!» ብሎ ቀኙን አነሳ።

ሕዝቡ ተምታታበት። ገሚሱ የተማረውን ግራውን አነሳ፤ ገሚሱ የአስተማሪውን አይቶ ቀኙን። አንድ ገበሬ ምን አስጨነቀኝ ብሎ ሁለቱንም አነሳ። እንግዳው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጠና ያሉ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ድምፃቸው እስከ እኔ ድረስ ተሰማ፦

«ጓድ ሙላት፣ ግራ!»

ጓድ ሙላት ዓይኑን ጨፈነ። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሳ። መጭመቂያዋ ከጣቱ ጫፍ ላይ ቀይ እጀታዋን በርግዳ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨች።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት አህያ አናፋች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እንግዳው።

እኔ በዚያች ደቂቃ ነፍሴን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቼ ነበር። ጓድ ሙላት ግን፣ ምስጋና ለረጅም ንግግሩ ልምድ ይሁንና፣ አፉን ከፈተ።

«ጓዶች!» አለ። «ይህ የምታዩት የላብ አደሩ መሣሪያ ነው! ጣቱስ የማን ነው? የገበሬ ልጅ ጣት ነው! እዩ! ላብ አደሩና ገበሬው እንዲህ ተያይዘዋል! ጠላት ቢመጣ አያላቅቃቸውም! ወዳጅ ቢመጣ አያላቅቃቸውም!» ወደ እኔ ዞረ። «የሚያላቅቃቸው አንድም ሰው እዚህ የለም!»

ብዙ የካድሬ ንግግር ሰምቻለሁ። ከልቡ የተነገረ ያ ብቻ ነው።

ጭብጨባው ሜዳውን አናወጠው። ሕዝቡ ነገሩን ወደደው። እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ማንሳት ጀመረ፤ ዱላ ያለው ዱላውን፣ ጃንጥላ ያለው ጃንጥላውን፣ አንዷ ለገበያ የያዘቻትን ዶሮ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ልባቸው ተነክቷል። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ጓድ ሙላት መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ልየው» አሉ።

እኔ ከታች ሆኜ እጄን ብወዘውዝ ማን አይቶኝ! እንግዳው የጓድ ሙላትን እጅ ከነመጭመቂያዋ በሁለት መዳፋቸው እቅፍ አድርገው፣ በታላቅ ወንድማዊ ስሜት ጨበጡት።

ቀጭ።

«እ...!» አለ ጓድ ሙላት። አገር የሚያናውጥ «እ» ነው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ የጀመራትን ጨረሳት፦ «...ናሸንፋለን!»

«እናሸንፋለን!» አለ ሕዝቡ።

ወፍጮው ይከፈት ተባለ። ገብቼ ማብሪያውን አነሳሁ። ሞተሩ አጓራ፣ ቀበቶው ዞረ፣ የመጀመሪያው የገብስ ዱቄት ወረደ። እንግዳው ዱቄቱን ዘገን አድርገው አሸተቱ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። እንግዳው ወደ ምሳው ሲያመሩ ጓድ ሙላት «ሥራውን ልቆጣጠር» ብሎ ወደ ኋላ ቀረና ከጆንያዎቹ ጀርባ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እመት ዘርፌ ከኋላዬ ነበረች። ዱቄቷን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

«ምልክት ነው አላችሁን?» አለች። «ምልክት ሰውን ያልበዋል እንዴ?»

«እመት፣ ዘይት... ዘይት ካለ...» አልኩ።

«ዝም በል አንተ።» ጓድ ሙላት አጠገብ ተንበረከከች። «አምጣት ልጄ። አትፍራ። ስንት እሾህ ነቅያለሁ።»

ወስፌዋን ከጠጉሯ መዘዘች። የወስፌውን ጫፍ በመጭመቂያዋ ምላስ ሥር አስገብታ፣ ሰፌድ እንደምትጀምር በቀስታ ማውጣት ጀመረች። ከውስጧ የወጣው አቧራ አሳፈረኝ። ጭቃ ወጣ፣ አሸዋ ወጣ፣ የቢራ ቆርኪ ቅርፊት ወጣ። ቆርኪውን ሳይ ሌላ ቦታ ተመለከትኩ። ከዚያ እመት ዘርፌ ለበዓሉ ብላ ጠዋት የተቀባችውን ለጋ ቅቤ ከራሷ ላይ በጣቷ ዛቅ አደረገች፣ በመዳፏ አሽታ አቀለጠችው፣ በወስፌው ጫፍ አንድ ጠብታ ወደ ውስጥ ሰደደች። አንድ ጠብታ ደገመች።

«አሁን ንካት» አለችኝ።

ነካኋት። ጧ!

ጓድ ሙላት ጣቱን አውጥቶ አየ። ጣቱ ጠቁሯል እንጂ ደህና ነው። ጥፍሯ ግን ከመሐል ተጣጥፋ፣ እንደ ማሽላ ቆሎ ፈንድታ ቀርታለች። ሲያያት የዘመድ መርዶ የሰማ ይመስል ነበር።

«ትበቅላለች» አለች እመት ዘርፌ፣ ወስፌዋን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጠጉሯ እየመለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ይህችን ወስፌ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር እጠርጋታለሁ። መንግሥት የሰጠህን ዕቃ እንዲህ ታደርገዋለህ? እግዜር ይይልህ።»

በማግስቱ ጓድ ሙላት ቢሮው አስጠራኝ። ሚስቴን ተሰናብቼ፣ ወፍራም ጋቢ ደርቤ ሄድኩ፤ የታሰረ ሰው እንደሚበርደው ሰምቻለሁ። ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ከፊቱ ባዶ ወረቀት አለ።

«አሻጥር ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር» አለኝ።

«አዎ፣ ጓድ።»

«ግን አሻጥር ብዬ ብጽፍ፣ ጣቴ እዚያ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ ይሉኛል።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«አዎ አትበለኝ።» ባዶውን ወረቀት አጠፈው። «እንግዳው ምልክቷን ወደዋታል። ስለዚህ ምልክት ሆና ትቀራለች።»

እንዲህ ሆኖ እኔ ነፃ ወጣሁ፣ መጭመቂያዋ ታሰረች። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ቀይ ጨርቅ ላይ ተደርጋ ተሰቀለች። ከሥሯ «የማይላቀቅ አንድነት» ተብሎ ተጻፈ። ለስብሰባ በገባሁ ቁጥር ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

ሦስት ሳምንት ያህል ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ያች በድንጋይ የቀጠቀጥኳት ሦስተኛዋ ካፒኮርዳ ላላች። የላላው ጋለ፣ የጋለው ተቃጠለ፣ ወፍጮው ቆመ። እኔ በፒንሳ ሞከርኩ፣ በድንጋይ ሞከርኩ፤ ግማሽ ቀን ይሠራና መልሶ ይቆማል። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው እየመጡ፣ እህላቸውን ተሸክመው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን አልተመለሱም። እመት ዘርፌን ከፊት አድርገው፣ ጆንያቸውን እንዳዘሉ በጓድ ሙላት ቢሮ ደጃፍ ተቀመጡ።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ ጓድ ሙላት ወጥቶ።

«ባለ መብራቱ ዕቃዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች ይላል» አለች እመት ዘርፌ። «ወይ ዕቃዋን አውርዳችሁ ስጡት፣ ወይ እርስዎ ይፍጩልን። ድንጋዩን ይዘነው መጥተናል።»

እውነትም አንዷ የወፍጮ ድንጋይ አዝላ ነበር።

ጓድ ሙላት ድንጋዩን አየና አዳራሹን ከፈተ። መጭመቂያዋን ግን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ራሱ ይዟት መጣ። «የአዳራሹ ንብረት ናት፣ ከእኔ እጅ አትወጣም» አለ። በመንገድ ላይ አጠባበቋን ጠየቀኝ። የማስታውሰውን ነገርኩት፤ ብዙ አልነበረም። ደብተሩን አምጣ አለኝ፣ አመጣሁለት። እዚያው ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ጋዜጣ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ዘይት አስፈለገ። ብሩሽ አስፈለገ። እኔ ካፒኮርዳዋን ጨምቄ ስጨርስ፣

«ጎትተህ ፈትን ይላል» አለኝ።

«ጠብቃለች፣ ጓድ።»

«ጎትት ይላል።»

ጎተትኩ። ወፍጮው ተነሳ። ጓድ ሙላት ዱቄቱን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «አንዲት እኔ ልሞክር?» አለኝ። ቁርጥራጭ ሽቦ ሰጠሁት። የመጀመሪያዋን ከነፕላስቲኳ ጨመቃት፤ ሁለተኛዋ ተንሸራተተች፤ ሦስተኛዋን ጎትቼ ጎትቼ አልወጣ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ፣ ስብሰባ ቢኖርም ባይኖርም፣ መጭመቂያዋን ከግድግዳ አውርዶ ይጠርጋል፣ ዘይት ይሰጣል፣ ከዚያ ይዟት የወፍጮውን ማያያዣዎች ሊያይ ይመጣል። ደንብ አክብሮ መሣሪያ የጠበቀ ሰው በጋይንት ምድር እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ጥፍሯን መልሶ አላሳደጋትም። ንግግሩም አጠረ፤ ሕዝቡ ይህን ለወፍጮው በረከት ቆጠረው።

ያ መንግሥት ሲወድቅ ጓድ ሙላት እንደ ጓደኞቹ ሄደ። ታስሮ ተፈታ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም አልሰማሁም። መጭመቂያዋም በዚያ ግርግር ከአዳራሹ ጠፋች፤ ማን እንደወሰዳት አይታወቅም። ወፍጮው ግን ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት ፈጨ። እመት ዘርፌ እስክትሞት ድረስ እህሏን እዚያ ነበር የምታስፈጭ።

ዓመታት አለፉ። እኔም ሸመገልኩ፤ የግል ሥራ ጀምሬ በእስቴ በኩል፣ መካነ ኢየሱስ ለአንድ ነጋዴ መጋዘን መስመር ልዘረጋ ሄድኩ። የእኔ ፒንሳ የማትችለው ወፍራም ሽቦ ገጠመኝ። ቀድሜ በአቅሜ ታግዬ ጨምቄው ነበር፤ አልሆነም። «መናኸሪያው አጠገብ ጎበዝ ባለሙያ አለ፣ የጨመቀው አይላላም» አሉኝ። ሄድኩ። ጠባብ ሱቅ ናት፣ ደጃፏ ላይ ሰው ቆሟል። ውስጥ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ቀና ሲል ተያየን።

«ባለ መብራቱ!» አለ።

ሙላት ነው። ጓድ የለ፣ ካኪ የለ። ተሳሳምን። ትከሻ ለትከሻ ስንጋጭ ሁለታችንም ሳቅን፣ ትንሽም ዓይናችን ራሰ። ምን እንደደረሰበት ጠየቅሁት፤ «ስወጣ የማውቀው ሙያ ይህች አንዲት ብቻ ነበረች» አለኝ። ወረፋ ለያዙት ሰዎች «ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሰው ይኸውላችሁ!» ብሎ አሳያቸው። በአክብሮት እጅ ነሱኝ። እኔም፣ ሰው ነኝና፣ ትንሽ ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

ከዚያ ሽቦዬን ከእጄ ተቀበለኝ። ጫፉን አገላብጦ አየው። በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ካፒኮርዳዋ ያለ ምንም ድካም እጁ ላይ ቀረች።

«ማን ነው ይህን የጨመቀው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ክፉ ነገር ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ካፒኮርዳዋን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በጣም በትሕትና፦

«ደህና አድርጌ እሠራልሃለሁ። ግን ሰዎቹ ቀድመውህ ነው የመጡት፣ ቅር እንዳይልህ» አለኝ።

«ምን ቅር ይለኛል» አልኩ።

ከፊቴ አራት ሰው ነበር። አምስተኛ ሆኜ ተሰለፍኩ።